የቅሬታ ደብዳቤ፦ ምክር ቤት የወሰነውን ከደንብ አስከባሪ ለምን እንሰማለን?

ለከተማችን አስተዳደር ኮሙዩኒኬሽን ጽሕፈት ቤት
ሰሜን ሸዋ

ጉዳዩ፦ የምክር ቤት ውሳኔዎችና ለነዋሪው የተዘጋጁ አገልግሎቶች በወቅቱ ስለማይነገሩን የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ወር አስፋልቱ ዳር ጉሊት ዘርግተው ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ እናቶች እንደ ወትሯቸው በማለዳ መጡ። ውርጩ ገና አልለቀቀም። ቦታቸው በገመድ ታጥሯል፤ ደንብ አስከባሪዎች ቆመዋል። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መሸጥ ክልክል ነው፤ ምክር ቤት ወስኗል» ተባሉ። አንዷ እናት ያዘለችውን ከረጢት ሳታወርድ «መቼ ነው የተወሰነው?» አለች። የመለሰላት የለም። ወዴት እንደሚዛወሩም የሚነግራቸው ጠፋ። ቲማቲም የጫነችው ሌላዋ እስኪመሽ በየሰፈሩ ስትዞር ውላ በኪሳራ ሸጠች።

ውሳኔው ልክ ነው አይደለም ወደሚለው አልገባም። መንገዱ በእርግጥ ተጨናንቋል፤ ባጃጅና እግረኛ ይጋፋበታል። ግን ውሳኔው የተላለፈው ቀደም ብሎ ነው። ሰዎቹ ዕቃ ሳይገዙ፣ ሌላ ቦታ ሳይፈልጉ ያ ሁሉ ጊዜ አለፈ። ያለፈውም መረጃው እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ስለቀረ ነው።

ቢሯችሁ መጥቼ ስጠይቅ «ፌስቡክ ላይ ለጥፈናል» ተባልኩ። ገጹን ከፍቼ አየሁት። የአዳራሹ ፎቶ አለ። መድረክ ላይ የተቀመጡት አመራሮች አሉ። ጽሑፉ ጉባኤው የተለያዩ ውሳኔዎችን አሳልፎ መጠናቀቁን ይናገራል። እኛ የምንፈልገው እኮ እነዚያን ውሳኔዎች ነው! ምን ተወሰነ? ከመቼ ጀምሮ? ማንን ይመለከታል? ቅር ያለው ሰው ለማን ያመልክት? አንዱም አልተጻፈም።

ደግሞስ ፌስቡክ የሌለው ሰው ነዋሪ አይደለም? በ2015 ክረምት መገባደጃ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየን አትረሱትም። ያንን ያየ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያውን ሁሉ ስልክ ላይ ብቻ ይተዋል ብዬ አላስብም ነበር።

የቀበሌያችንን ሰሌዳም ሄዳችሁ እዩት። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው ወረቀት ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል፤ ጫፉ ተጠቅልሏል፤ ማኅተሙን ዝናብ አጥቦታል። የሚነበበው ያለፈው ዓመት የክትባት ዘመቻ ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ብጠይቅ የዘበኛው መልስ «እኔም አላውቅም» ነበር።

በጣም ያንገበገበኝ ግን የጤና መድኅኑ ነገር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ክፍያቸው በመንግሥት እንደሚሸፈን ታውቃላችሁ። ተጠቃሚዎቹ የሚለዩት እዚሁ ቀበሌ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አዛውንት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ይገዛሉ። ልየታው መካሄዱን የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ማን ነገረኝ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አገልግሎቱ አለ፤ የሚገባቸውም ሰው ናቸው። የቀረው ወሬው ደጃቸው መድረሱ ብቻ ነበር። የሴፍቲኔት ምዝገባውም፣ የሸማቾች ማኅበሩ ዘይትና ስኳርም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የሚሰማው ቢሮ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ነው። ይህ ደግሞ ሰዉን ያቀያይማል።

መረጃ ማግኘት የእናንተ ችሮታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠይቅ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ስለዚህ በዚሁ ደብዳቤ የጉሊቱን ውሳኔ ሙሉ ቃልና ለነጋዴዎቹ የተዘጋጀውን ምትክ ቦታ የሚገልጽ ሰነድ እየጠየቅኩ ነው። ብከለከል ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት እላለሁ። እዚያ ሳንደርስ ብንግባባ ግን እመርጣለሁ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን አንኮበር ላይ ሳሉ እንኳ አዋጅ የሚነገረው ሰው በተሰበሰበበት፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እየተባለ ነበር። ዛሬ ሞንታርቦ አለ፣ መኪናም አለ። በገበያ ቀን አንድ ዙር ይነገር። የውሳኔው ቃል በአንድ ገጽ ታትሞ ለየእድሩ ጸሐፊ ይድረስ፤ እድር ያልገባ ቤት ብዙ የለምና። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጊድ ይነበብ። ሰሌዳው ይጠገንና ወረቀት የሚቀይር አንድ ሰው በስም ይመደብ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ የወጣበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው።

ከሁሉ በፊት ግን አጀንዳው ከጉባኤው አስቀድሞ ይነገረን። የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሐሳባችንን እንድንነግራቸው እንፈልጋለን። የሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ አጀንዳ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በየቀበሌው እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ፤ ምላሻችሁንም በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌያችን አስተዳደር