ሀረጎን በስኩተር አትውረጂ

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበትም ትንሽ ቀለል ብሏታል።

ይህን የምጽፍልሽ ትናንት አክስትሽ ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እቁብሽ ወጥቶልሻል አለችኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ስኩተር ልትገዢበት ነው አለችኝ፤ ይሁን። ቅዳሜ ሳናውቅ በእሷ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደሽ ልታስደስቺን አስበሻል አለችኝ። እሱ አይሆንም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ ሀረጎን በስኩተር አትውረጂ።

ግዢውን አልከለክልሽም። ጠዋት ባጃጅ ስትጠብቂ፣ ማታ ባጃጅ ስትለምኚ፣ ደሞዝሽ መንገድ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ለደሴ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነገር ነው ያሰብሽው።

ለአክስትሽ ካሳየሻት ከሦስቱ ግን 50 ሲሲዋን ተያት። ርካሽ ናት፣ ታምራለችም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት እኮ። አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ከ50 ሲሲ ላይ ሩቡ ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ዳገት መሀል ላይ ቆመሽ ከኋላ ሲኖትራክ ጥሩምባ እንዲነፋብሽ አልፈልግም። 125ቷ ትወጣለች። ለ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃታል። ግን የቤንዚን ሰልፍ አለ፤ ከሥራ ታስቀርሻለች።

እኔን ከሰማሽኝ ኤሌክትሪኳን ውሰጂ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፣ ከፍታው አይነካውም። ባትሪው ግን ሊቲየም ይሁን፤ ተነቅሎ ቤት የሚገባ ይሁን። የእርሳሱ ባትሪ ይከብዳል፣ ቶሎም ይደክማል። ሻጩ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ይህን ያህል ትሄዳለች ሲልሽ፣ እሱ የሜዳ ሒሳብ ነው። ዳገት ባትሪ ይበላል። ጓደኛሽን ከኋላ አስቀምጠሽ ዳገት ላይ ሞክሪያት፣ ከዚያ ክፈይ። አከራይሽንም ስለ ቆጣሪው አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው። በኋላ በመብራት ሒሳብ ከሰው ጋር አትጣይ።

ጎማውን ጎንበስ ብለሽ እይ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም እያረጀ ይደርቃል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አይዝም።

ሀረጎን ግን አትውረጂ፣ ልጄ።

አጎትሽ ሁልጊዜ «በቀኜ በኩል ተቀመጪ» የሚልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ልጅ ሆኖ ታሞ ነው ብለን ነግረንሻል። እውነት አይደለም። ጆሮውን ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

አንቺ አልተወለድሽም ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ሞተር ሳይክል ነበረኝ። ነሐሴ ነው፣ ሀረጎ ጉም ለብሷል። አጎትሽ ከኋላዬ ተቀምጧል። እኔ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ ነው የምወርደው። ሁሌም እንደዚያ አደርግ ነበር። በወር የምትተርፈኝ ሁለት ሦስት ሊትር ትልቅ ነገር ትመስለኝ ነበር። ሞተር ጠፍቶ ሲወረድ የሚይዝሽ ፍሬን ብቻ ነው። መሀል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ እስከ መጨረሻው ገባ፣ አልያዘም። ከጉሙ ውስጥ የጭነት መኪና መብራት ሲመጣብኝ ወደ ተራራው በኩል ቦይ ውስጥ ከተትኩት።

እኔ ተነሳሁ። ሄልሜቱ አንድ ነበር፤ ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ከግራ ጆሮው የሚወርደው ደም በዝናቡ እየቀጠነ አንገትጌው ውስጥ ሲገባ አሁንም ይታየኛል። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ሲስቅ ሳየው ይብስብኛል።

ስኩተር ደግሞ ማርሽ ቀንሰሽ የምትይዢያት ነገር አይደለችም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ አብዛኛው ፍሬንሽ ላይ ነው የሚያርፈው። አትውረጂ አልኩ፣ አትውረጂ።

አብሽሪ፣ አልተቆጣሁሽም። ይህን ወረቀት ከሚያመጣልሽ ሾፌር ሁለት ሄልሜት ተቀበይ። አንዱ የአንቺ ነው፣ አንዱ ከኋላሽ ለሚቀመጥ ሰው። ማሰሪያው ከአገጭሽ ሥር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። መንጃ ፈቃድ ሳታወጪ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳትገቢ ደግሞ ከግቢ እንዳትወጪ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ነይ። እናትሽ አቦሉን ሳትቀዳ ትጠብቅሻለች። አጎትሽም ይመጣል። በቀኙ በኩል ተቀመጪ።

አባትሽ
ከኮምቦልቻ