ስለ ሳማ ፍሬ ለጠየቁኝ

አባዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ከብቱስ፣ የበልጉ ገብስስ? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

በስልክ «የሳማ ፍሬ ለኩላሊት ፍቱን ነው ይላሉ፤ እናንተ ዘንድ ይበሉታል ወይ?» ብለው የጠየቁኝን በጽሑፍ ልመልስ፤ እህቴ ታነብልዎታለች።

አዎ፣ ይበሉታል። እዚህ ጀርመን ደርቆ በከረጢት ይሸጣል፤ አንዳንድ ሰው ጠዋት እርጎው ላይ አንድ ማንኪያ ይነሰንስበታል። ቅባት አለው፤ አብዛኛውም በሱፍ ዘይት ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ነው። የደከመን ያበረታል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ግሪካዊ ሐኪም ዲዮስቆሪደስ ፍሬው በዘቢብ ወይን ጠጅ ይጠጣ ብሎ ጽፏል። ወይኑ ለእኛ ሐራም ነው፤ ለምን እንዳዘዘው ደግሞ ለአባት አይጻፍም። የድሮዎቹ የአውሮፓ ፈረስ ነጋዴዎችስ? ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የፈረሱ ጠጉር እንዲያብረቀርቅ ፍሬውን ከገፈራው ጋር ይቀላቅሉ ነበር። አቀስታ ገበያ ፈረስ ሲገዙ ይህንን ያስቡ!

ኩላሊት ይፈውሳል የሚለው ግን ከባህል ወሬ አልፎ በሰው ላይ በወጉ የተመሰከረለት አይደለም። ደግሞም የእነርሱ ሳማ ለእኛው ዘመዱ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። በበረታችን ዙሪያ የሚበቅለው ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ስለ ፍሬው የሚያወራው ሁሉ ለእኛው ይሠራል ብዬ አልፈርምልዎትም።

እኔ ብጠየቅ ከፍሬው ወጡን እመርጣለሁ። እማዬ ለእንግዳ ማቅረብ እንደምታፍር አውቃለሁ። በ1977ቱ ረሃብ ሰው ነፍሱን ያቆየበት በመሆኑ የችግር ምግብ የሚል ስም ተለጥፎበት ቀርቷል። ያለ አግባብ ነው እላለሁ። ቅጠሉ ካልሲየም፣ ብረትና ፕሮቲን አለው፤ የገብስ ዱቄትና ነጭ ሽንኩርት ሲገባበት ደግሞ ለየትኛውም እንግዳ የሚበቃ ምግብ ነው። የሚለበልበው ጠጉሩ እንደ መስታወት ስለሚሰበርና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ ነው፤ ሲቀቀል ግን ጉልበቱ ያልቃል። (በልጅነታችን ስናጠፋ በዚያ በጥሬው የገረፉን ሰዎች ምን ያህል እንደጨከኑ አሁን ገባኝ።)

እማዬ ለጋውን ብቻ፣ ሳያብብ በፊት መቁረጧ ትልቅ ብልሃት ነው። አብቦ ፍሬ ሲይዝ ቅጠሉ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ጥቃቅን ነገር ይጠራቀማል፤ እርሱም የሽንት መንገድን ይቆጠቁጣል ይባላል። ኩላሊቴን ብሎ ያረጀ ሳማ የሚቀቅል ሰው ነገሩን ሊያባብስ ይችላል። ደም እንዳይረጋ መድኃኒት የሚወስዱት ጎረቤታችንም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ቅጠሉን እንዳያበዙ ይንገሩልኝ፤ ቫይታሚን ኬ ስላለበት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ኃይሉን ሊቀንስ ይችላል።

የእርስዎ ነገር ግን ከሳማ በላይ ነው። እግርዎ ማበጡንና ሌሊት ለሽንት ደጋግመው መነሣትዎን እህቴ ነግራኛለች፤ ከእኔ ሊደብቁት ፈልገው ነበር። የደም ግፊት ያለበት ሰው ኩላሊቱን በየጊዜው መመርመር አለበት፤ የደምና የሽንት ምርመራ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የመኪናውንና የምርመራውን ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ። ከእህቴ ጋር ደሴ ይውረዱ፤ የግፊት ኪኒኑንም ሐኪሙ ሳያዝዝ አያቋርጡ፤ ሲሄዱም ከነማሸጊያው ይዘውት ለሐኪሙ ያሳዩ።

ልጅዎ