ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እየበላሁም እየተኛሁም ነው፤ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን ስለሆነ ቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው።

ደብዳቤ ሲደርስሽ ልብሽ እንደሚመታ አውቃለሁ። ምንም አልሆንኩም። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ወሬያችን ወደዚያ ወደተለየሁት ሰው ሊዞር ሲል «አይሰማም፣ ይቆራረጣል» ትዪኛለሽ። የሚገርም ስልክ ነው እማዬ፤ ስለ ሌላ ሰው ስናወራ አንድም ቀን ተቆራርጦ አያውቅም። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። በመቀስ ካልሆነ። ወደ መቀሱ ኋላ እመጣለሁ።

ባለፈው መጥቼ ያደርኩ ጊዜ አብረን የጀመርነው ፊልም ትዝ ይልሻል? ጂም ኬሪን ስታዪ «ያ ፊቱን እያጣመመ የሚያስቀን ሰውዬ አይደለም?» ብለሽ ለመሳቅ ተመቻችተሽ ተቀመጥሽ። ሰውዬው ግን አንድም ጊዜ ፊቱን አላጣመመም። ኬት ዊንስሌት ጸጉሯን ሰማያዊ ቀብታ ብቅ ስትል ደግሞ «ውይ፣ የታይታኒኳ! ምን ነካት?» አልሽ። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሥሽና «ይሄ ነገር ራስም ጭራም የለው» ብለሽ ተነሥተሽ ተኛሽ። እኔ ብቻዬን ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለኝ።

ግራ ብትጋቢ አይፈረድብሽም። «ኢተርናል ሰንሻይን ኦፍ ዘ ስፖትለስ ማይንድ» ይባላል፤ በ2004 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። የተዋንያኑ ስም የሚመጣው ፊልሙ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ያየነው፣ ሁለቱ ሞንቶክ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ተገናኝተው የሚተዋወቁበት ክፍል፣ መጀመሪያ መስሎ የቀረበ መጨረሻ ነው ማለት ይቻላል። ጆዌልና ክሌመንታይን (ጂም ኬሪና ኬት ዊንስሌት የሚጫወቷቸው) እንደ አዲስ ሲተዋወቁ ሁለት ዓመት ያህል አብረው ኖረው ተለያይተዋል፤ ግን አንዳቸውም አያስታውሱትም። መንገዱ እንዳይጠፋብሽ ከፈለግሽ ጸጉሯን ተከተዪ። አረንጓዴ ሲሆን ገና መተዋወቃቸው ነው። ቀይ ሲሆን ፍቅሩ ግሏል። ብርቱካናማ ሲሆን ነገሩ እየሻከረ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ረስታዋለች።

ረስታዋለች ስልሽ እንዲሁ በጊዜ ብዛት አይደለም። ላኩና የሚባል ድርጅት ዘንድ ሄዳ አስጠፍታው ነው። ላኩና በላቲን ክፍተት ማለት ነው፤ ስሙን ሲያወጡለት አልዋሹም። ጆዌል ስጦታ ይዞ ወደምትሠራበት የመጻሕፍት መደብር ሲሄድ አይታ እንደማታውቀው ገዢ ታስተናግደዋለች። በንዴት እሱም እንድትጠፋለት ወደዚያው ድርጅት ይሄዳል። አንጎሌን ይጎዳ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ ሐኪሙ ኮስተር ብሎ፣ በሙያው ቋንቋ ካየነው ሥራው ራሱ አንጎል መጉዳት ነው፣ ነገር ግን አንድ ሌሊት ጠጥቶ ከማደር አይብስም ይለዋል። ሌሊት እሱ ተኝቶ ማሽኑ ሲሠራ፣ ሊጠብቁት የመጡት ሠራተኞች አልጋው ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ። ያንን አለማየትሽ ደግ ሆነ፤ ስታወግዢያቸው ታድሪ ነበር።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ። ጆዌል መረሳቱን የሚያውቀው ጓደኞቹ ከደረሳቸው ትንሽ ካርድ ነው። ክሌመንታይን እሱን ከትዝታዋ አስጠፍታዋለች፣ እባካችሁ የሁለቱን ነገር ዳግመኛ አታንሡባት ይላል፤ በትሕትና፣ ከምስጋና ጋር። ፊልሙ የተወለደው ከዚህ ካርድ ነው። ፒየር ቢስሙት የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ፣ ሰው እንዲህ ያለ ካርድ በፖስታ ቢደርሰው ምን ይሰማው ይሆን ብሎ ለጓደኛው ለዳይሬክተሩ ለሚሼል ጎንድሪ ያነሣል፤ ቻርሊ ካውፍማን ወደ ድርሰት ይለውጠዋል። ሦስቱም በ2005 ለድርሰቱ ኦስካር ተሸለሙበት።

ካርዱን ሳይ ፊልሙን አቆምኩት። እማዬ፣ ይሄን ካርድ አንቺም ልከሻል።

ለወንድሞቼ ልከሻል፣ ለአክስቴ ልከሻል፣ ለጎረቤትሽ ሁሉ ልከሻል። በወረቀት አይደለም፤ በዓይንሽ። አክስቴ መጥታ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለ «ያ ልጅ እኮ ባለፈው…» ብላ ስትጀምር በጠረጴዛው ስር እግሯን የረገጥሽ መስሎሽ ነበር። የረገጥሽው የኔን እግር ነው። ምንም እንዳልተሰማኝ ሆኜ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም አለች፤ ከዚያ ስለ አየሩ ተወራ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ መሳቢያውን ከፍቼ አልበሙን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ወይም አውቃለሁ። ስልሳ ዓመት የሞላሽ ዕለት ሦስታችን የተነሣነውን ፎቶ ነበር የምፈልገው። አገኘሁት፤ ግን ሁለታችን ብቻ ሆነናል። በቀኝ በኩል ያለው በመቀስ ሄዷል። ተናድጄ አይደለም የምጽፍልሽ፤ በርግጥ ያን ዕለት ትንሽ ተናድጄ ነበር። ፎቶውን መብራት ስር አስጠግቼ ሳየው ግን ንዴቱ ጠፋብኝ። መቀሱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጆሮዬ አጠገብ ሲደርስ ዞሯል። ጸጉሬን እንዳይነካ፣ ጉትቻዬን እንዳይቆርጥ ተጠንቅቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ዞሯል። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ምላስሽን በከንፈርሽ ጫፍ ይዘሽ ስትቆርጪ ታየኝ። ትከሻዬ ላይ ስትደርሺ ግን ማለፍ አልቻልሽም። እጁ እዚያ ነው። እሱን ለማውጣት እኔን መቁረጥ ሊኖርብሽ ሆነና ተውሽው። ባለቤት የሌላቸው አራት ጣቶች ትከሻዬ ላይ ቀርተዋል።

ለኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ግን ያላወቅሽው አንድ ነገር አለ፤ ደብዳቤውን የምጽፍልሽም ለሱ ነው።

የላኩና ማሽን የሚያጠፋው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ቀድሞ የሚሄደው የኋለኛው ጠብ ነው፤ ክፉ ቃል የተወራወሩበት፣ እሷ በር ዘግታ የወጣችበት። ጆዌል እፎይ ይላል። ጠቡ ሲነሣ ግን ከሥሩ ሌላ ንብርብር ይወጣል፣ ከዚያም ሌላ፣ እየቆየ እየጣፈጠ። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱ በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍነው፣ እሷ በልጅነቷ ስለነበራት አንዲት መልከ ጥፉ አሻንጉሊት ታጫውተዋለች። መልክ የለኝም ብላ ታስብ እንደነበር በዚያ በኩል መንገሯ ነው። ይሄኔ ነው እሱ ይህችን እንኳ ተዉልኝ ብሎ ተኝቶ የሚለምነው። የሚሰማው ግን የለም።

እኔም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ስሙ በቤታችን እንዳይነሣ ስታደርጊ፣ ቁልፍ ጠፋ ብሎ አሥራ አንድ ቀን የዘጋኝም አብሮ ሳይነሣ ቀረ። ኩርፊያውን የሚያስታውሰኝ ሰው ጠፋ። ያንቺ ምስክርነት ነበር እኮ የሚያስፈልገኝ፤ ደውዬልሽ «ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ ነው» ስልሽ የሰማሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ክፉው ቀድሞ ተጠርጎ ሄደና ደጉ ብቻውን ቀረልኝ፤ በብርድ ጊዜ ቀድሞኝ ገብቶ እኔ የምተኛበትን በኩል አሙቆ፣ ስመጣ ወደ ቀዝቃዛው በኩል ይሸሽልኝ የነበረው። ይሄ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ? ባለፈው ወር አንድ ማታ ስልኬን አንሥቼ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ጽፌዋለሁ። አትደንግጪ፤ አልደወልኩም። ግን ጽፌዋለሁ።

ፊልሙ ውስጥ ሜሪ የምትባል የድርጅቱ ጸሐፊ አለች። ሁሉም ሰው ስለ ጆዌልና ስለ ክሌመንታይን ያወራል፤ እኔን ያስለቀሰችኝ እሷ ናት። ሐኪሙን ታመልከዋለች። መርሳት እንዴት ያለ ጸጋ ነው እያለች ግጥም ትጠቅስለታለች። ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ነው፤ እሷ ስሙን አዟዙራ «ፖፕ አሌክሳንደር» ብላ ጳጳስ ታደርገዋለች። የፊልሙም ስም የተወሰደው ከዚሁ በ1717 ከታተመ ግጥም ነው። የሚገርመው፣ በግጥሙ ውስጥ ያን የምትለው ኤሎኢዝ ናት፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ከመምህሯ ከአቤላርድ ተለያይታ የመነኮሰች ሴት። ንጹሕ ልብ ያላቸውን መነኮሳት የምታወድሰው እሷ ራሷ መርሳት ስላቃታት ነው። ሜሪ ይሄን አላስተዋለችም። በዚያ ሌሊት ሐኪሙን ትስመዋለች፤ ሚስቱ ትደርስባቸዋለች፤ ያኔ እውነቱ ይወጣል። ከዚህ በፊትም ወድዳው፣ ተጎድታ፣ ተስማምታ አስጠፍታዋለች። ያንኑ ሰው፣ በዚያው ቢሮ፣ እንደ አዲስ ወደደችው። ያቃጠላትን እሳት የሚያስታውስ ጠባሳ እንኳ አልተዉላትም።

እኔም ጠባሳዬን መልሱልኝ ነው የምለው።

ደግሞ ሳይንሱም ካንቺ ጋር አይደለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይጦችን አንድ ድምፅ ሲሰሙ እንዲፈሩ አለማመዷቸው። ኋላ ድምፁን እንደገና አሰምተው፣ ወዲያው አንጎል ትዝታን እንደገና እንዳያጸና የሚከለክል መድኃኒት ሰጧቸው። ፍርሃቱ ለቀቃቸው። ድምፁን ሳይሰሙ መድኃኒቱን ብቻ የወሰዱት ግን እንደፈሩ ቀሩ። ስለ አይጥ ነው የማወራሽ፣ ሰው ሌላ ነው፤ ግን ያልተነሣ ትዝታ እንደማይነካ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ላኩናዎችም ቢሆኑ ይህን ያውቁታል። ለማጥፋት እንኳ ጆዌልን እሷን የሚያስታውሰውን ዕቃ ሁሉ አስመጥተው፣ አንድ በአንድ ፊቱ እያስቀመጡ ያሳዩታል። አንቺ ያን ሳታደርጊ ነው ዕቃውን በከረጢት ሞልተሽ ያወጣሽው።

አንድ ክፍል ግን ብታዪው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከተኛሽ በኋላ ነው የመጣው። ጆዌል ክሌመንታይንን ከማሽኑ ሊሸሽጋት ይፈልጋልና እሷ በሌለችበት ትዝታ ውስጥ ይደብቃታል። የት ይዟት እንደሚገባ ገምቺ። እናቱ ኩሽና ውስጥ፣ ጠረጴዛ ስር። አራት ዓመት ገደማ ሕፃን ሆኖ፣ ጂም ኬሪ በዚያ ቁመቱ፣ ፒጃማ ለብሶ ጠረጴዛ ስር ተቀምጦ እናቱ ዞር ብላ እንድታየው ያለቅሳል። ጎንድሪ ይህን በኮምፒውተር ብልሃት አልሠራውም። ከመጠኑ የገዘፈ ኩሽና አሠርቶ፣ አንዱን ከካሜራው አርቆ ሌላውን አቅርቦ ነው ዓይናችንን የሸወደው። እናትየው ሥራ ላይ ናት።

ከሱ ስለይ እኔም የመጣሁት ወደዚያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በልጅነት አልጋዬ እግሬን አጥፌ ተኛሁ። አንቺም ኩሽና ውስጥ ሆነሽ ትንጎዳጎጃለሽ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ዕቃ ስታጥቢ፣ «እማ፣ ናፈቀኝ» አልኩሽ። ቧንቧውን ከፍ አድርገሽ ለቀቅሽው። ሰምተሽኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠብሽው።

መጨረሻውን ሳልነግርሽ አልቀርም። ሜሪ ተናዳ የድርጅቱን ፋይል ሁሉ ለየባለቤቱ ትልካለች። ጆዌልና ክሌመንታይን እንደ አዲስ በተዋወቁ ማግሥት፣ ከመረሳሳታቸው በፊት አንዱ ስለ ሌላው የቀዳውን ካሴት ይሰማሉ፤ እሱ አሰልቺ ነው፣ ሌላም የማይጻፍ ነገር። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ኋላ እሰለችሃለሁ ትለዋለች፤ እሱ ይሁን ይላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥሩ መጨረሻ ያየዋል። እኔ እንጃ። እኔን የነካኝ መታረቃቸው አይደለም፤ ካሴቱን ሰምተው መወሰናቸው ነው። እኔ ያንን ካሴት ብሰማ «ይሁን» እንደማልል ርግጠኛ ነኝ። ግን ልስማው።

ካሴቱ ደግሞ አንቺ ዘንድ ነው። ያን አሥራ አንድ ቀን ንገሪኝ። በር ላይ ቆሞ ላንቺ ምን እንዳለሽ፣ ነግረሽኝ የማታውቂውን፣ እሱንም ንገሪኝ። ትወጂው እንደነበርም አትዝለዪ፤ ስልሳ ዓመትሽ ዕለት ከኔ ይልቅ ከሱ ጋር ነበር የሳቅሽው። የተቆረጡትንስ ወረቀቶች የት አደረግሻቸው? አንቺን የማውቅሽ ከሆነ አልጣልሻቸውም፤ የሆነ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ስመጣ ስጪኝ።

እስካሁን ስሙን እንዳልጻፍኩት አስተውለሻል? መጀመሪያ ካንቺ አፍ እንድሰማው ብዬ ነው። እሁድ ስትደውዪልኝ ጥሪልኝ። ስልኩ ከተቆራረጠም ግድ የለም፣ መልሼ እደውላለሁ።

ልጅሽ