ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በአማርኛ ስለሚቀርቡት የቱርክ ድራማዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ሕዝቡ ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ የመጣለትን ሁሉ ሳያላምጥ ይውጣል፣ ባህሉም በዚሁ ተሸርሽሮ አለቀ ይላሉ። ሶፋውን ተዉት፣ እኛ ቤት ፍራሽ ነው ያለው። ስለ መዋጡ ግን አንድ ሁለት ነገር ልበል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አማርኛ አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጋዜጠኝነት ተምሮ ሲመረቅ ሞጁሎቹን በማዳበሪያ ሞልቶ እኔ ቤት ጥሎ ሄደ፣ «እወስደዋለሁ» እንዳለ ሦስት ዓመት ሆነው። ያለፈውን ክረምት እነሱን ሳነብ ከረምኩ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው ማታ ከቤት መውጣት እንደማይታሰብ ያውቃል። በአንድ በኩል ሞጁሉ፣ በአንድ በኩል ቴሌቪዥኑ፣ መሃል ላይ ከሰሉና አክስቴ።

አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ድራማ ስታይ ግን አጠገቧ መቀመጥ ነው። ቡና እየቀዳች፣ ዓይኗን ግማሽ ከረከቦቱ ላይ ሳትነቅል፣ «ዋሽታለች» ትላለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ፊቷን አቅርበው አሳዩዋ! እውነት ስትናገርማ ከነሳሎኑ ነው የሚያሳዩዋት።»

ሙዚቃው ወፈር ካለ «ሰውየው አበቃለት» ትላለች፣ ደግሞም ያበቃለታል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ክፍሉ ያለቀ እንደሆነ «ነገ እንድንመጣ ነው እንጂ መናገሩ ከብዷት መሰላችሁ?» ትላለች። የወንድሜ ሞጁል ይህንኑ ሊያስረዳ ሦስት ምዕራፍ ፈጅቷል።

ይባስ ብሎ ደራሲው ክፉ እንድትመስል ለፍቶ የሳላት አማት ለአክስቴ የቤቱ ምሰሶ ናት። «ልክ ናት! ንብረት ጠባቂ ባትኖር ያ ቤት እስካሁን ተሽጦ ነበር» ብላ ትከራከርላታለች። ቆንጆዋን ተዋናይት ደግሞ አትወዳትም። እንግዳ ሲመጣ ከወንበሯ አትነሳማ።

ስቱዋርት ሆል የሚባል ሰው አለ። ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ላይ የሠራ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በጻፈው ወረቀት ላይ ያለው ነገር ሲጨመቅ፣ ጣቢያው የላከው ትርጉምና ተመልካቹ ቤት የሚደርሰው ትርጉም አንድ ላይሆን ይችላል ነው። አንዱ ተመልካች እንደተላከለት ይቀበላል። ሌላው ይደራደራል፣ ይህን ተቀብሎ ያን ይጥላል። ሦስተኛው ምን ሊሉት እንደፈለጉ ገብቶት በተቃራኒው ያነበዋል። አክስቴ በአንድ ምሽት ሦስቱንም ታደርጋለች። ይሄማ የኛው ሰምና ወርቅ አይደል የሚለኝ ባልደረባ አለኝ፣ አይመስለኝም። በቅኔ ወርቁን የቀበረው ባለቅኔው ነው፣ ተማሪው ቆፍሮ ያወጣዋል። የአማቲቱን ወርቅ ግን ደራሲው አልቀበረውም፣ አክስቴ ናት ከራሷ ቤት ያመጣችው።

ሞጁሉ ውስጥ ታማር ሊበስና ኤሊሁ ካትዝ የሠሩት ጥናትም አለ፣ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። «ዳላስ» የተባለውን የአሜሪካ ድራማ እስራኤል ውስጥ ለሚኖሩ ዐረቦች፣ ከሞሮኮ ለመጡ አይሁዶች፣ ከሶቪየት ኅብረት ለመጡ ስደተኞችና ለሌሎችም አሳይተው አወያዩዋቸው። ሁሉም ያዩት ያንኑ ድራማ ነው፣ ያወሩት ግን የየራሳቸውን ነው። ከሶቪየት የመጡት ከታሪኩ ይልቅ «እነዚህ ሰዎች ይህን ሠርተው ምን ሊሉን ነው?» እያሉ ይጠረጥሩ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊያችሁ ሳያላምጥ ይውጣል የሚሉት ተመልካች የቱ እንደሆነ ቢነግሩን ደስ ይለኛል። ድራማው ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም። ባለፈው የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪዬ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ይህን ልታደርግብኝ አትችልም» ብሎኛል፣ ያውም በዚያው በድራማው ዜማ። ግን እሱንም ቢሆን እየቀለደብኝ ነበር። ደግሞ ንቀትን ካነሳን ቱርኮቹ መኖራችንንም አያውቁ። ከገጠር የመጣችውን የቤት ሠራተኛ አነጋገሯን አጣሞ መሳቂያ የሚያደርጋት የራሳችን አገር ድራማ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነው። ሪሞቱ ወደ ሁለት ሰዓት ዜና ሲዞር ያቺ ሁሉን የምትጠረጥር ሴትዮ ነጠላዋን አስተካክላ «ጸጥ በሉ፣ ዜና ነው» ትላለች። ዝም እንላለን። ሙዚቃ አለ፣ ፊት አቅርቦ ማሳየት አለ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ የወሰነ ሰው አለ። ማንም «ዋሽቷል» አይልም፣ ማንም «ለምን እዚህ ላይ ቆረጡት?» አይልም።

ስለዚህ ደብተር አወጣሁ። ጥቂት ማታ ዜና እየሰማሁ ማን ምን አለ ሳይሆን ማን «እንዴት አለ» የሚለውን ጻፍኩ፣ ግሱን ብቻ። የአንድ ሰው ደብተር ስለሆነ ቁጥር ጠርቼ ጥናት አላስመስለውም። ነገሩ ግን ፍጥጥ ያለ ነው። ኃላፊ ሲናገር ይገልጻል፣ ያብራራል፣ ያሳስባል፣ ያስገነዝባል። ነዋሪ ሲናገር ያማርራል፣ ቅሬታ ያቀርባል፣ ካልሆነም ያመሰግናል። ሁለቱም እኮ የሚናገሩት ስለዚያው ስለተቋረጠው ውሃ ነው። አንዱ አዋቂ ሌላው ነጭናጫ የሚሆነው ገና ከግሱ ነው። በኋላ ሞጁሉን ሳገላብጥ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ሥራቸው ስለ ሥራ ማቆም አድማ የሚወሩ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዜናዎችን ሲፈትሹ ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን አነበብኩ። እዚያ ሠራተኛው «ይጠይቃል»፣ አሠሪው «ያቀርባል»። ጠያቂ ሁልጊዜ አስቸጋሪ፣ አቅራቢ ሁልጊዜ ደግ ይመስላል።

የኛ አማርኛ ደግሞ ከዚህም የሚብስ መሣሪያ አለው። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ»፣ «ተባለ»። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ «በዞኑ የአፈር ማዳበሪያ በወቅቱ እየተሰራጨ መሆኑ ተገለጸ» ብዬ ጻፍኩና ገላጩ ማነው አልኳቸው። ዝም። አንዷ «ሳይፈርም የሄደ ሰው ነው» አለች፣ ተሳቀ። ከባሶና ወራና ገጠር በእግሩ የሚመላለስ አንድ ልጅ ግን አልሳቀም። «ለአባቴ ግን አልተገለጸም» አለ። ከዚያ በኋላ ሰዋስው ማስተማር ከበደኝ።

«ወደመ» የሚለውም አለ። «ንብረት ወደመ» ይባላል፣ ንብረቱ ማለዳ ተነስቶ ራሱን እንዳወደመ ሁሉ። ድራማ ላይ ደብዳቤውን ማን ደበቀው የሚለውን ለማወቅ ሃያ ክፍል እንከታተላለን። ቤት ሲቃጠል ግን ማን የሚለው ጥያቄ በአንድ ግስ ይዘጋና ወደ ሚቀጥለው ዜና እንሻገራለን።

ስለ ፍርሃትም ትንሽ ልጨምር። ጆርጅ ገርብነር የሚባል አሜሪካ የኖረ ተመራማሪ ቴሌቪዥን የሚያበዛ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ አስፈሪ አድርጎ ወደ ማየት ያዘነብላል ይል ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን እንዲያ ናቸው። እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ግን መንገድ ተዘጋ የሚል ነገር ከሰሙ ስልኩ ይንጫጫል፣ እኛ ደግሞ ገበያ መሃል ድንች እያስመዘንን ነው። ችግር የለም አላልኩም። አለ። ግን ከምር የፈራንባቸው ሌሊቶችም አሉ፣ በነዚያ ሌሊቶች ቴሌቪዥኑ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወራው። የሁለቱ አለመገጣጠም ነው የሚገርመኝ።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልምጣ። ከተማችን ብዙ ተፈናቃይ ወገን ይዛለች፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለነሱ የሚመጣ ዜና አንድ ምስል አለው፣ እናንተም አትማችሁታል። ሁለት ሰዎች አንድ ካርቶን በሁለት በኩል ይዘዋል። ሰጪው ኮት ለብሷል፣ ተቀባይዋ ነጠላዋን አጣፍታለች። እርስ በርስ አይተያዩም፣ ሁለቱም የሚያዩት ካሜራውን ነው። ካርቶኑ ከባድ ቢሆን እንደዚያ ፈገግ ብሎ በሁለት ጣት አይያዝም። ከበስተጀርባ ባነር አለ፣ ባነሩ ላይ የሰጪው ስም አለ። የተቀባይዋ ስም የትም የለም።

ቭላድሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው መጽሐፉ የሩሲያን ተረቶች በታትኖ ሲያይ ገጸ ባሕርያቱ ቢለያዩም የሚሠሩት ሥራ ጥቂት ሆኖ አገኘው። ጀግና አለ፣ ክፉ አለ፣ ረዳት አለ፣ ላኪ አለ፣ ለጋሽም አለ። የሚገርመው እኛም ዜና ላይ «ለጋሽ» ነው የምንለው። በፕሮፕ ተረት ለጋሹ አስማተኛውን ዕቃ ለጀግናው ይሰጥና ዞር ይላል፣ ታሪኩ የጀግናው ነው። በእኛ ዜና ለጋሹ ራሱ ጀግና ሆኗል። ከቤቷ ወጥታ ልጆቿን ይዛ ስንት ቀን የተጓዘችው ሴት፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ድራማ የሚወጣላት፣ እዚህ ካርቶን መያዣ ናት። ክፉውስ? ክፉ የለም፣ «ወደመ» ብቻ አለ። ታሪኩም ርክክቡ ላይ ያልቃል። ድራማ እንዲህ ቢያልቅ እቴቴ «ከዚያስ?» ብላ ሪሞቱን ትወረውረው ነበር።

አንድ ማታ ታዲያ ሞከርኩ። ዜናው መጣ፣ ካርቶኑም መጣ። «እቴቴ፣ ይህን እንደ ድራማ እዪው እስቲ» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ በሰው መከራ ትቀልዳለህ?» ብላ ተቆጣች። ደግ አደረገች፣ አባባሌ ደባሪ ነበር። ግን ዓይኗ እዚያው ቀረ። ሲኒውን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ሴትዮዋን ፊቷን አላቀረቧትም» አለች። ቀጥላም «ካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

አላወቅሁም። ዜና አንባቢዋም አልተናገረችም፣ ስፖርት ገባ።

ስለ ድራማው የሚጽፉት ጸሐፊያችሁ ይጻፉ፣ አልቃወምም። እናንተ ግን ያንን ፎቶ ከሁለት ወር በፊት አትማችኋል፣ ከሥሩ «ድጋፍ ተደረገ» የሚል ብቻ አለ። ሪፖርተራችሁ ስልክ ይዞ ከሆነ የሴትዮዋን ስም፣ የካርቶኑን ይዘትና ለስንት ቀን እንደበቃቸው ጠይቆ ይጻፍልን። እቴቴ አሁንም ትጠይቀኛለች።

የአማርኛ መምህር
ከደብረ ብርሃን