ቦሌ ላይ «መውጣት አትችይም» ቢሉሽ

ውድ ልጄ፣

ለናይሮቢው ስብሰባ የምትሄጂበት ቀን ስለደረሰ ይህን በጽሑፍ አደረግኩልሽ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ይረሳል። አንብበሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢው፤ ባያስፈልግሽ ደስ ይለኛል።

ፓስፖርትሽ ጊዜው ያላለፈበት፣ ትኬትሽ የተቆረጠ፣ የግብዣ ደብዳቤሽም የተሟላ ቢሆን የኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ስክሪኑን አይቶ «እዚያ ጋ ትንሽ ቁጭ በይ» ሊልሽ ይችላል። ያገደሽ እሱ አይደለም። የሚታየው ስምሽ መያዙ እንጂ ለምን እንደተያዘ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከእሱ ጋር አትጨቃጨቂ፤ የፈረቃውን ኃላፊ አስጠሪ።

መጀመሪያ የስም መመሳሰል እንዳይሆን አጣሪ። የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነውና ሦስቱም የሚገጥምለት ሰው አይጠፋም፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ይሆናል። የትውልድ ቀንሽንና የእናትሽን ስም እንዲያስተያዩልሽ ጠይቂ። ለዚህም የልደት የምስክር ወረቀትሽና የፋይዳ መታወቂያሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ፤ ከሻንጣው ጋር ከሄዱ አይረዱሽም።

ስሙ ያንቺው ከሆነ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ያገደኝ ማን ነው? የእግዱ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ስንት ነው? እስከ መቼ ነው? መልሱ «ከበላይ የመጣ ነው» ብቻ ቢሆንም መልስ ነውና ጻፊው። ሰዓቱን፣ የመስኮቱን ቁጥር፣ የተባልሽውን ቃል በቃል እዚያው ወረቀት ላይ አስፍሪ። በስልክ ግን አትቅረጪ፤ ጥፋት ያልነበረባት ልጅ ጥፋት የሚገኝባት በዚህ ነው።

ፓስፖርቱን እንወስዳለን ካሉ የመረከቢያ ወረቀት ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ የወሰደውን ሰው የባጅ ቁጥር ያዢ። የመውጫ ማህተም ቀድሞ አርፎበት ከሆነ እንዲሰረዝ አድርጊ፤ አለዚያ መዝገቡ ላይ የወጣሽ ሆነሽ ትቀሪና ለሚቀጥለው ጉዞሽ ሌላ ጣጣ ይሆናል። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ተናግረሽ ሻንጣሽን አስወርጂ፣ መቅረትሽንም አስመዝግቢ። ዝም ብለሽ ከቀረሽ እንዳልመጣ መንገደኛ ተቆጥረሽ የመመለሻው ትኬት ጭምር ሊሰረዝ ይችላል። የመሳፈሪያ ካርዱን አትጣይው፤ ለመሄድ ዝግጁ እንደነበርሽ ማስረጃ ነው።

አሁን ሕጉን ላስረዳሽ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ ውስጥ «ነገር ግን» የሚል ገደብ የለም፤ ሌሎቹን መብቶች ስታነቢ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባሻል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 12 ደግሞ ገደብን ይፈቅዳል፤ ግን በሕግ የተደነገገ፣ ለብሔራዊ ደኅንነት ወይም ለመሰል ዓላማ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ብቻ። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ማብራሪያ፣ አሰሪ ወይም ዘመድ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍ ማለትን፣ ፓስፖርትን ያለ ምክንያት ማጓተትን፣ «የአገር ስም ታጠፊያለሽ» ብሎ መከልከልን በስማቸው እየጠራ ነቅፏል። የጉዞሽ ዓላማ ወይም ርዝመት የመውጣት መብትሽን ሊወስን እንደማይገባም ጽፏል።

የ1995ቱ የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 ከአገር መውጣትን የመከልከሉን ነገር ከፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጋር አስሮት ነበር። የ2016ቱ ማሻሻያ ግን «አስቸኳይ» በተባለ ጊዜ ትዕዛዙ ሳይጠበቅ ማገድ የሚቻልበትን በር ከፈተ። ክፉ በር ነው፤ አስቸኳይ መሆኑን የሚለካው ራሱ አጋጁ ነውና። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ የሚሉት ወረቀት ነበር፤ ያም ክፉ ነበር፣ ግን መከልከልሽን የምታውቂው ሻንጣ ሳትሸክፊ ነው።

በማግስቱ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ማመልከቻ አስገቢ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምሬትሽን አትጻፊበት፤ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎችና የሕጉን አንቀጽ ብቻ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂና አንቺ ዘንድ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጊበት። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት ደብዳቤ፣ ላኪው፤ ደረሰኙ የገቢ ማህተሙን ይተካል። «ነገ ነይ» እየተባለ ወር ያለፈው ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠየቅኩ የሚልበት ወረቀት ካጣ፣ ክሱ የሚያርፍበት ውሳኔ የለም ይባላል።

የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመንግሥት ተቋም ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሆን ያዛል፤ በፍርድ ቤት የሚከለስበትንም መንገድ ያበጃል። ጉዳዩ የደኅንነት ነው ተብሎ በዚያ መግባት ቢያስቸግር፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ለከፍተኛው ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለማስከበር ትዕዛዝ የመስጠት ሥልጣን ሰጥቶታል። ጠበቃሽ ዋናው ክርክር እስኪሰማ ጊዜያዊ ትዕዛዝ እንዲጠይቅልሽ አሳስቢው፤ ስብሰባው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ናይሮቢ አያደርስሽም። ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ለእንባ ጠባቂም አቤት በይ፤ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ማዘዝ ባይችሉም ደብዳቤያቸው ከፋይልሽ ጋር ይያያዛል።

እግድ ሁሉ ግፍ አይደለም። በዋስ የተለቀቀ ተከሳሽ ከአገር እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል፤ የግብር ዕዳም ሊያሳግድ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ጉዳዩ ሲዘጋ ነው። ሰውየው በነፃ ተሰናብቶ የእግድ ማንሻው ደብዳቤ ችሎት ቢሮ ውስጥ ይቀራል፣ ስሙ ቦሌ ላይ እንደታገደ ይኖራል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለበት ጓደኛ ካለሽ፣ ፋይሉ ሲዘጋ ማንሻው እንዲጻፍለት ችሎቱን ራሱ ይጠይቅ፣ ግልባጩን በእጁ ያድርስ፣ የገቢ ቁጥሩንም ይያዝ በይው።

የአገር ውስጡ መንገድ ካለቀ ወይም ከልክ በላይ ከተጓተተ ባንጁል ለሚገኘው የአፍሪካ ሰብአዊና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል። እዚያም መጓተቱን የምታሳዪው በእነዚያው ማህተሞች ቀን ነው።

የማመልከቻውን ረቂቅ በሁለት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። ቀኑን ብቻ ክፍት ትቼዋለሁ።

አባትሽ