የማሽላው ባለቤት ስም ይጻፍ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስለ ዓድዋ በሚወጡ ጽሑፎች ውስጥ አንድ ንጽጽር ደጋግሜ አነባለሁ። ከእኛ ድል ዘጠኝ ዓመት በኋላ ጃፓን ሩስያን ድል አደረገች፤ ይህም የዓድዋ ታናሽ ወንድም ነው ይባላል። ታሪክ በማስተምርበት ዘመን እኔም ለተማሪዎቼ እንዲሁ ብያለሁ። ያልነገርኳቸው ነገር ስላለ ነው ዛሬ የምጽፈው። ያ የምድር ጦርነት በአብዛኛው የተካሄደው በሩስያም በጃፓንም መሬት ላይ ሳይሆን በቻይና ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1904 ጃፓን በፖርት አርተር የነበሩትን የሩስያ መርከቦች በሌሊት ስትመታ፣ ወደቡ ሩስያ በ1898 ከቻይና ለ25 ዓመት በኪራይ ስም የወሰደችው ነበር። ሩስያ በ1900 ማንቹሪያን፣ ማለትም የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ፣ በጦር ከያዘች በኋላ በ1902 በሦስት ዙር ለቅቃ ለመውጣት ፈርማለች፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣችም። የቤጂንጉ የቺንግ መንግሥት ደግሞ በ1901 በተጫነበት የ450 ሚሊዮን ቴል (ቴል የቻይና የብር ሚዛን ነው) ካሳ ጎብጦ ነበርና ሁለቱን ማስቆም አልቻለም። ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ገለልተኛ ነኝ ብሎ አወጀ፤ ከሊያኦ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው አገርም ለተዋጊዎቹ ተተወ። ጎረቤት ሲጣላ በርን ዘግቶ መቀመጥ ይቻላል። የማንቹሪያ ሰዎች ግን ጠቡ ግቢያቸው ውስጥ ገብቶ ገለልተኛ ተባሉ። ዓድዋ ላይ ለአገሩ የተዋጋው የአገሩ ባለቤት ነበር። ንጽጽሩ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

በ1904 በማንቹሪያ ስለተደረገው የሊያዮያንግ ውጊያ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤ የቀረው ማሽላው ላይ ነው። ወቅቱ ነሐሴ ነበር። የማንቹሪያ ማሽላ በዚያን ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፤ ፈረሰኛ እንኳ ይሰውራል። ወታደሮች መንገድ ሳቱበት፣ አደፈጡበት፤ ለተኩስ እንዲመቻቸውም እየቆረጡ ጣሉት። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ማሽላውን የሚያነሡት የአዛዦቹን ዓይን ጋረደ ለማለት ነው። ማሽላ በምንበላ በእኛ ዓይን ግን ያ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ ታርሶ፣ ታርሞ፣ ወፍ ተጠብቆለት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የወደመ። የቆላ ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ገጽ ማለፍ አቃተኝ።

በ1905 መጀመሪያ ደግሞ ዛሬ ሼንያንግ በምትባለው በሙክደን ዙሪያ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ወታደር ሦስት ሳምንት ያህል ተዋጋ። የቺንግ ሥርወ መንግሥት መሥራቾች መቃብር ያለው በዚያች ከተማ ዳር ነው። የአካባቢው ሰው ለአንዱ ሰልለሃል እየተባለ በሌላው ይገደል ነበር። በጃፓን ሴንዳይ ሕክምና ይማር የነበረ አንድ ቻይናዊ ወጣት፣ የአገሩ ሰው በሰላይነት አንገቱ ሲቀላ፣ ሌሎች ወገኖቹም ከብበው ሲያዩ የሚያሳይ ምስል በክፍል ውስጥ ቀርቦለት ሕክምናውን ትቶ ወደ ብዕር ዞረ።

የሰላሙ ውል በአሜሪካ ፖርትስመዝ ሲፈረም ቻይና አልተጠራችም። የሩስያ የኪራይ መሬትና የደቡቡ የባቡር መስመር ለጃፓን ተላለፈ፤ ቤጂንግም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ተስማማሁ ብላ እንድትፈርም ተደረገ። አደራዳሪው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1906 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

የጃፓን ድል በቅኝ ግዛት ሥር ለነበሩ ሕዝቦች የሰጠው ተስፋ እውነተኛ ነው፤ አልክደውም። የእኛም ሰዎች ጃፓንን አርአያ አድርገው የ1931ዱን ሕገ መንግሥት በእሷ አምሳል አዘጋጅተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት መገባደጃ ጃፓንን ሲጎበኙ ግን ያንን የባቡር መስመር ለመጠበቅ የተተከለው የጃፓን ጦር ማንቹሪያን በሙሉ እየያዘ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ለቻይና አልደረሰላትም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ለእኛም አልደረሰልንም። በ1936 ጃፓን የጣሊያንን ወረራ ተቀበለች፤ ጣሊያንም በ1937 ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን መንግሥት ዕውቅና ሰጠች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚመጣው የካቲት ይህን ንጽጽር የያዘ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ሊያዮያንግና ሙክደን የማን አገር እንደሆኑ አብሮ ይታተም። ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን ብዙው ዓለም ሲቀበል እንቢ ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ቻይና ነበረች።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ ደሴ