ሮዜት ኔቡላን ከግቢያችን ፎቶ ለማንሳት
ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ኔቡላ፣ ማለት ሰማይ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ፎቶ ላንሳ ካልሽ በሮዜት ጀምሪ። 5000 የብርሃን ዓመት ያህል ብትርቅም ሰማይ ላይ ስፋቷ ከሙሉ ጨረቃ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የትኩረት ርቀቱ 480 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ይበቃታል። ገንዘብሽን ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ኮከቦቹን እየተከተለ በሚያዞረው ማውንት ላይ አውጪ፤ እሱ ካልረጋ ምንም ዓይነት ሌንስ አያድንሽም።

አዲስ አበባ ላይ ዋናው ጣጣ የሰሜን ኮከብ ነው። የማውንቱ መዞሪያ ዘንግ ወደ እሱ ማነጣጠር አለበት፤ እሱ ግን ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል የጎረቤት ጣሪያ ወይም የእንጦጦ ጋራ ይጋርደዋል። የማውንቱን ከፍታ 9 ላይ አድርጊና በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙሪው፤ ቀሪውን ኮከብ ሲንሸራተት እያየሽ አስተካክይ። አናት አካባቢ ያለች ኮከብ ካሜራው ውስጥ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከሸሸች ማውንቱን ግራ ቀኝ አንቀሳቅሺ። በምሥራቅ ገና የወጣች ኮከብ እንደዚያው ከሸሸች ደግሞ ከፍታውን አርሚ፤ ለዚህ የኦሪዮን መቀነት ጫፍ ላይ ያለችው ሚንታካ ትመቻለች። 5 ደቂቃ ሙሉ ካልሸሸች በቂ ነው። ዘንጉ በጣም ስለሚያጎነብስ የሚዛን ክብደቱ ከትሪፖዱ እግር ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ከማውንቱ ሥር ማራዘሚያ አስገቢ።

ቀዩ ቀለም የሃይድሮጅን ነው። መሃሏ ያሉት ትኩስ ኮከቦች በአልትራቫዮሌት ጨረር ኤሌክትሮኑን ከአቶሙ ያላቅቁታል፤ ተመልሶ ሲገባ 656.3 ናኖሜትር ላይ ያበራል። ተራ ካሜራ ብርሃን ተቀባዩ (ሴንሰሩ) ፊት ያለው ማጣሪያ ግን አብዛኛውን ይህንኑ ቀይ ይቆርጠዋል፤ ማጣሪያው የተነሳለት ካሜራ ፈልጊ። ለከተማው መብራት ደግሞ ይህንን ቀይና 500.7 ናኖሜትር ላይ ያለውን የኦክስጅን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ግጠሚ።

ሮዜት በታኅሣሥ መጨረሻ እኩለ ሌሊት አካባቢ አናት ላይ ትደርሳለች። ያን ጊዜ ካሜራው የትሪፖዱን እግር ሳይነካ ቴሌስኮፑን ወደ ሌላው ጎን ገልብጪው። የካሜራው የብርሃን ስሜት (አይ ኤስ ኦ) 1600፣ እያንዳንዱ ፎቶ 180 ሰከንድ፣ በኋላ በኮምፒውተር የሚደራረቡ ቢያንስ 60 ፍሬ። ኮከብ እያየ ማውንቱን የሚያርም ጋይድ ካሜራ ከሌለሽ ወደ 60 ሰከንድ አውርጂና ብዛቱን ጨምሪ። ትኩረቱን ቴሌስኮፑ አፍ ላይ በሚገጠም ባለ ስንጥቅ ክዳን፣ በባቲኖቭ ጭምብል፣ አስተካክይ፤ ቱቦው ሲበርድ ስለሚኮማተር በየሰዓቱ ደግመሽ እይው።

ሳይነጋ የሴንሰሩን የራሱን ጉድፍ ለመቀነስ ክዳኑን ከድነሽ በዚያው 180 ሰከንድ 20 ጥቁር ፎቶ አንሺ፤ ሴንሰሩ ከሞቀ ከሌሊቱ ፎቶዎች ጋር አይመሳሰሉም። ወገግ ሲል ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረሽ ወደ ሰማይ አዙረሽ 30 ፎቶ ጨምሪ። የአቧራውን ጠባሳና የጠርዙን ጥላ የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው፤ ካሜራውን ቀድመሽ ከነቀልሽው ወይም ካዞርሽው ግን አይሠሩም። ሁሉንም በሮው፣ ማለት በካሜራው ጥሬ ፋይል፣ አስቀምጪ፤ በታመቀው ጄፔግ ካደረግሻቸው የሮዜት ደብዛዛ ዳር ተመልሶ አይገኝም።

አባትሽ